ማሳ ያጣው አንቴና

አዳማ ውስጥ መኪና ያሠራ ሰው «ማሳ» የምትለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ገበሬ ማሳ ሲል የሚያርሰውን መሬት ማለቱ ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን ትርጉሟ ሌላ ነው። ከባትሪው የተነሳው ኮረንቲ ሥራውን ሠርቶ የሚመለስበት የመኪናው ብረት፣ ሻንሲውም ጣራውም፣ ማሳ ይባላል። ቃሏን ትተውልን የሄዱት ጣሊያኖች ናቸው ይላሉ። መብራት አልበራ ሲል አንዱ «ማሳ አጥቶ ነው» ይላል፤ ሽቦ ከብረት ጋር ይታሰራል፤ መብራቱም ይበራል። በዚህች ባለ ሁለት ፊደል ቃል የተነሳ ሥራዬንና የልብ ወዳጄን በአንድ ሳምንት ውስጥ አጥቻለሁና ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያ ክፉ የድርቅ ሰሞን። ከተማችንም ገና ናዝሬት ትባል ነበር። እኔ ሰይፉ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። የሬዲዮ ጥገና ኮርስ አዲስ አበባ ወስጄ፣ የጭነት መኪና በሚያሰማራ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተመደብኩ። ያልጠበቀ ቡሎን ካየሁ ምሳ አይበላልኝም ነበር። አለቃም ቢሆን ሥራ ሲያበላሽ ካየሁ ዝም አልልም። እጄ ጥንቁቅ፣ አፌ ግን ልቅ ነበር ብል ይቀለኛል።

ጋራዡ የገባሁ ዕለት አንድ አሮጌ መኪና ላይ ስሠራ «ግራውንዱ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ከመኪናው ሥር የተኛ ሰው ሳቀ። ከዚያ በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣና ግሪስ የነካ እጁን ዘረጋልኝ።

«እዚህ ግራውንድ የሚባል ነገር የለም ወንድሜ። ማሳ ነው የሚባለው። እስቲ ማሳ በል።»

ማሳ አልኩ። ሰውዬው አበራ ይባላል። የመሥሪያ ቤቱ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ መፍቻ እያቀበለ ያደገ፣ ትምህርት ቤት ያልነካው፣ ሽቦ ግን በመዳሰስ ብቻ የት እንደተቆረጠ የሚያውቅ ሰው ነበር። እኔ የደብተሩን አውቃለሁ፣ እሱ የእጁን ያውቃል፤ ተዋደድን። ትንሹ ልጁ ዮናስ አርባ ቀን ሲሞላው ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ በስማችን ተጠራርተን አናውቅም፤ እሱም «አበልጄ»፣ እኔም «አበልጄ»። ባለቤቱ አስካለ እሁድ እሁድ ሳልመጣ ከቀረሁ ሰው ትልክብኝ ነበር።

አንድ እሁድ ከሶደሬ ስንመለስ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት። አባቴ አሰላ አካባቢ ጥቂት ጋሻ መሬት ነበራቸው፤ የመሬት አዋጁ ሲመጣ ተወረሰ። በሥራ ቅጼ ላይ «የገበሬ ልጅ» ብዬ ነበር የሞላሁት። ደግሞም አልዋሸሁም፤ አባቴ ከዚያ በኋላ በሬ ጠምደው ያርሱ ነበር። ግን «የባላባት ልጅ» መባል ያኔ ከሥራ ማስባረር ብቻ አይደለም፣ ከዚያም የባሰ ያመጣ ነበር። አበራ ሰምቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «እኔ ጋ ገብቶ የወጣ ነገር የለም» አለኝ።

አሁን ወደ አንቴናው። መሥሪያ ቤታችን ለሦስት መኪኖች ሦስት የመገናኛ ሬዲዮ መጣለት። ናዝሬት ካለው የሬዲዮ ክፍላችንና መተሐራ ካለው ጣቢያ ጋር መንገድ ላይ እንዲነጋገሩ ነው። ሬዲዮው ከሾፌሩ ጉልበት ፊት ይገባል፤ እሱ ቀላል ነው። ጣጣው አንቴናው ነበር። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዘንግ የት ይተከል?

አበራ፣ እኔና የሦስት ቁጥር መኪና ሾፌር ጋሽ ገመዳ መኪናውን እየዞርን ስንከራከር አንድ ቀን ሙሉ ዋልን። ጋሽ ገመዳ የአሰብን መንገድ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚነዱ፣ ሲናገሩ አማርኛውን በኦሮምኛ የሚያጣፍጡ የሞጆ ሰው ናቸው። ከፊት መከላከያው ላይ ይሁን ሲባል እሳቸው፣ አቧራና ድንጋይ ይጨርሰዋል አሉ። ከመስተዋቱ ብረት ላይ ይሁን ሲባል ዓይኔን ይጋርደኛል አሉ። እኔ የሾፌሩ ክፍል ጣራ መሃል ላይ አልኩ። አንቴና ሥሩ የተዘረጋ ብረት በሰፋለት መጠን ድምፁ ይርቃል፤ ጣራው ደግሞ ሰፊ ብረት ነው። ጋሽ ገመዳ፣ የመተሐራ ግራር ይነቅለዋል ብለው ትንሽ ካንገራገሩ በኋላ፣ ጫፉን በገመድ ወደ ኋላ አጎንብሶ ማሰር ይቻላል ስላቸው ተስማሙ።

ጣራው ግን ተይዟል። ለአብዮቱ በዓል ተብሎ በሦስቱም መኪኖች ጣራ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ሰፊ ጣውላ ቆሟል። «ወሬ ይብቃ፣ ሥራ ይቅደም!» ይላል። ያስተከለው የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ መኩሪያ ነው።

«ይነሳና አንቴናው ይተከል» አልኩ።

አበራ ግራ ቀኙን አየ። «ማን ነው የሚያነሳው? አንተ ታነሳለህ? እኔ ልጆች አሉኝ።»

እውነቱን ነው። ስለዚህ በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ አንቴናው ከሾፌሩ ክፍል ኋላ፣ የጭነቱ ሣጥን ጥግ ላይ እንዲሆን እሱ ሐሳብ አቀረበ። የጭነቱ ሣጥን ግን እንጨት ነው። እኔ አሻፈረኝ አልኩ፣ ከዚያ ለዘብ አልኩ፣ በመጨረሻ አንድ ነገር አሳሰብኩት፤ ከአንቴናው እግር ተነስቶ ሻንሲው ድረስ ወፍራም ሽቦ ይወርዳል። ያ ሽቦ ከሌለ እንጨት ላይ የተሰካ ዱላ ነው አልኩት።

«ማሳውን ለኔ ተወው አበልጄ» አለ። ይህን ሲል ጋሽ ገመዳም፣ ጎማ የሚያነሱት ልጆችም፣ ብየዳ ላይ የነበሩትም ሰምተዋል።

አንድ ቁጥርን ሠራ፤ ሞከርኩት፤ መተሐራ ጥርት ብላ መለሰች። ሁለት ቁጥርን ሠራ፤ እሱም እንደዚያው። ሦስት ቁጥር ላይ ሲደርስ ሰዓቱ መሽቶ ነበርና «ጨርሻለሁ፣ ነገ ትሞክረዋለህ» አለኝ። በማግስቱ ማለዳ ሦስት ቁጥር በአስቸኳይ ይውጣ የሚል ትእዛዝ መጣ። እኔ ስደርስ ወጥቷል። ሳልሞክረው ለቀቅኩት። ይህን የራሴን ጥፋት አልደብቃችሁም።

የተጫነው የሕፃናት ክትባት ነበር፤ በበረዶ ሣጥን ታሽጎ፣ ከመተሐራ ወጣ ብሎ በጥርጊያ መንገድ ወደሚደረስ የመጠለያ ጣቢያ የሚሄድ። ጋሽ ገመዳ ዋናውን መንገድ ለቀው ጥቁሩ ድንጋያማ ሜዳ ውስጥ እንደገቡ የኋላ አክሱ ተሰበረ። አልደነገጡም፤ ሬዲዮ አለኝ ብለው። አዲሱን ሬዲዮ አምነው ሲጠሩ ዋሉ፣ ሲጠሩ አደሩ። እኔ ናዝሬት ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ «ሦስት ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር» እያልኩ ስጠራ ዋልኩ። የሚሰማው ሹክሹክታ እንኳ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ገመዳ በእግራቸው ዋናውን መንገድ ፍለጋ ሄዱ። እስኪደርሱ በዚያ ሙቀት በረዶው ውኃ ሆነ። ክትባቱም ከንቱ ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ቁጥር በሌላ መኪና እየተጎተተች ግቢያችን ገባች። ጓድ መኩሪያ የበረዶ ሣጥኖቹን አስከፈተ፣ እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ አወጣና አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። «አሻጥር።» በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትል የኖረበት ያውቀዋል። አንድ ሰው ለአሻጥሩ መጠየቅ ነበረበት፤ የቀረው ጥያቄ ማን የሚለው ብቻ ነበር።

እኔና አበራ ሦስት ቁጥር ውስጥ ገባን። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ያነሳ ነበርና የበሮቹን መስተዋት ዘጋን። ሬዲዮውን ከፈትኩ፣ ጠራሁ፤ ዝም። ወርጄ ከጭነቱ ሣጥን ሥር አጎነበስኩ። አንቴናው እንጨቱ ላይ ቆሟል። ሽቦ የለውም። ሻንሲው ላይ ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ አልተበሳም።

ተመልሼ ገባሁ። አበራ ፊቱ አመድ መስሏል። ሽቦ አልቆብኝ ነበር አለ። ግምጃ ቤት ጠይቄ ነገ አስራለሁ ብዬ ነበር፣ ጠዋት ቀድመውኝ ወጡ አለ። አንጀቴን በላው። ሰውዬውን ላጫውተው፣ ትንሽ ላስቀው ብዬ ዕድሜ ልኬን የምጸጸትባትን ነገር ያኔ ተናገርኩ።

«ማሳውን ተነጥቆ እንዴት ይናገር? ማሳውን ይመልሱለት፣ ያኔ አፉን ይከፍታል።»

አበራ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ የአባትህ ነገር መቼም አይወጣልህ» አለኝ።

እውነቱን ልናገርና ከመሸበት ልደር፤ ንግግሬ የሽቦ ብቻ አልነበረም። ሰሙ የአንቴናው፣ ወርቁ የአባቴ ነበር። ግን የተናገርኩት መስተዋት በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ክርስትና ልጄን ለሰጠኝ ሰው ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ግን አፌ ያመለጠኝ አልመሰለኝም፤ ቤቴ ውስጥ ያወራሁ ነበር የመሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጓድ መኩሪያ ሁለታችንን ቢሮው አስጠራ። አንቴናው እንጨት ላይ እንዲቆም የመረጠው ማን ነው አለ። አበራ መሬት መሬቱን ያያል። ሦስት ልጆቹ፣ አስካለ፣ ዮናስ በዓይኔ ላይ መጡ። እኔ ወንደላጤ ነኝ፤ ቢበዛ ደመወዜን ይቀጡኛል ብዬ አሰብኩ።

«ሁለታችን ነን ጓድ» አልኩ።

ስንወጣ አበራ ክንዴን ያዘኝ፤ ዓይኑ ውኃ አቅርሯል። «ይህን ውለታ አልረሳውም» አለ። ያን ዕለት ራቴን በልቼ ደህና አድርጌ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ። ለምን ብል «ስትደርስ ይነገርሃል» ተባልኩ። ስደርስም አልተነገረኝም። ቅዳሜና እሁድን እዚያ ቆየሁ። የታሰርኩት ስለ ክትባቱ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ አበራስ ተይዞ ይሆን፣ ልጆቹ ምን ይበላሉ እያልኩ ነበር የምጨነቀው። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ያ መጨነቄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ጋራዡ ግቢ አመጡኝ። ሠራተኛው በሙሉ ተሰብስቧል፤ አርባ የሚሆን ሰው። ጓድ መኩሪያ ከሦስት ቁጥር ፊት ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል፤ ከበላዩ «ወሬ ይብቃ፣ ሥራ ይቅደም!» የሚለው ጣውላ ይታያል። አበራ አልታሰረም። ከሠራተኛው መሃል ቆሟል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። እፎይ አልኩ።

ጓድ መኩሪያ ወረቀት አነሳና አነበበ። ተከሳሹ የፊውዳል ልጅ ሆኖ ሳለ የገበሬ ልጅ ነኝ ብሎ መሥሪያ ቤቱን ያታለለ መሆኑ። የመገናኛ ሬዲዮው ሆን ተብሎ ድምፅ እንዳይሰጥ የተደረገ መሆኑ። ስለዚሁ ሲጠየቅም ማሳውን የተነጠቀ አይናገርም፣ ማሳው ሲመለስለት ግን አፉን ይከፍታል በማለት የመሬት አዋጁን የሚቃወም የአድኃሪ ቅስቀሳ ያካሄደ መሆኑ።

መጀመሪያ ቃሉን ነው የለየሁት። የራሴ ቃል ነው። ከዚያ ያችን መስተዋት የተዘጋች መኪና አሰብኩ። ሁለት ሰው ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ።

አበራን አየሁት። እሱ ጎማ ያይ ነበር። ደሜ ሊፈላ ይገባ ነበር፣ ግን አልፈላም፤ ቀዘቀዝኩ። አፍሬ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የከዳኝ እሱ፣ ያፈርኩት እኔ። ሰው ሁሉ እያየኝ ልብሴን ያወለቁኝ ያህል ተሰማኝ።

የምትለው አለህ ወይ ተባልኩ። አለኝ። ማሳ ማለት የመኪናው ብረት ነው፣ ያልኩት ሽቦ አልታሰረለትም ነው ብል፣ ሽቦውን ሳያስር የቀረው ማን ነው መባሉ አይቀርም። ራሴን የማወጣበት በር አበራን የማስገባበት በር ነው። የወረቀቱ ቃል ጆሮዬ ላይ ገና እየጮኸ የዮናስ ፊት መጣብኝ። «የለኝም» አልኩ።

ጋሽ ገመዳ እጃቸውን አወጡ። እሳቸው ስብሰባ ላይ ተናግረው አያውቁም።

«ጓድ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ግን ይሄ ማሳ የምትሉት የገበሬ ማሳ አይደለም። የጋራዥ ነው። አምጡ ሽቦ ላሳያችሁ።»

አንዱ ወፍራም የባትሪ ሽቦ አቀበላቸው። አንዱን ጫፍ አንቴናው እግር ላይ፣ ሌላውን ቀለሙ ከተላጠ የሻንሲው ብረት ላይ በጉጠት አጥብቀው ያዙት። ወደኔ ዞሩ። «ጥራ፣ ያ ሰይፉ» አሉኝ በኦሮምኛ አጠራራቸው።

ጥበቃው ወደ መኪናው አስጠጋኝ። ጠራሁ። «መተሐራ፣ ከሦስት ቁጥር ነው፤ ትሰሚኛለሽ?» ጥቂት ተንሾካሾከና የመተሐራዋ የሬዲዮ ሠራተኛ ልጅ ድምፅ ግቢውን ሞላው። «ሦስት ቁጥር፣ ጥርት ብለህ ትሰማለህ። የት ጠፍታችሁ ነው?» ጋሽ ገመዳ ጉጠቱን ለቀቁት፤ ልጅቷ ዝም አለች። ያዙት፤ ተናገረች። አርባው ሰው አጉረመረመ።

ጓድ መኩሪያ ሞኝ አልነበረም። ወረቀቱን አስቀመጠ። ከዚያ አበራን ወደፊት ና አለው።

«አንተ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነህ። ይህን ማሳ የሚሉትን ነገር ታውቃለህ?»

ጥያቄዋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች እዩልኝ። አውቃለሁ ካለ፣ ሽቦ እንደሚያስፈልግ እያወቀ ሳያስር ቀርቷል ማለት ነው፤ ቃሌንም ትርጉሙን እያወቀ አጣሞ አቀብሏል ማለት ነው። አበራ ቀና አለ። በዚያ ስብሰባ ላይ ዓይኔን ያየው ያኔ ብቻ ነው።

«አላውቅም ጓድ» አለ። «እኛ ግራውንድ ነው የምንለው።»

ግራውንድ! በሕይወቱ አንድ ቀን ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ፣ የሳቀብኝ ቃሌ። የሰጠኝን ቃል እኔ ላይ ትቶ የኔን ቃል ይዞ ወጣ። የመጀመሪያውን ክህደት ፈርቶ ነው እል ነበር፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። ይቺኛዋን ግን እስካሁን የማስቀምጥበት ቦታ አላገኘሁላትም።

ዘወር ብዬ ሠራተኛውን አየሁ። ጎማ የሚያነሱት፣ በያጆቹ፣ ሁሉም ቃሉን ከአበራ አፍ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። አንዱ «ኧረ ታውቃለህ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። የለም። ጋሽ ገመዳ እንኳ ጉጠቱን እያገላበጡ ዝም አሉ።

«እንግዲያውስ» አለ ጓድ መኩሪያ ወደኔ ዞሮ፣ «የሚያውቀው አንተ ብቻ ነበርክ።»

በራሴ አፍ ሁለታችን ነን ብያለሁና ማስተባበያ አልነበረኝም። የቅስቀሳው ክስ ተነሳልኝ፤ ሕይወቴን ያተረፉልኝ ጋሽ ገመዳ ናቸው። ለቸልተኝነቱና ለቅጹ ግን አራት ወር ታሰርኩ፤ ከሥራም ተባረርኩ። በዚያው ሳምንት ጣውላው ከጣራው ወርዶ እንጨቱ ሣጥን ላይ ተመታ፤ አንቴናው ጣራው መሃል ወጣ። ትክክለኛ ቦታውን አገኘ። የተከለው አበራ ነው።

እስር ቤት ምግብ ያመላለሱልኝ ጋሽ ገመዳ ነበሩ። አንድ ቀን፣ አበራ አላውቅም ሲል ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቆብ ማውለቅ ልማዳቸው አልነበረም፤ ያን ዕለት አወለቁ።

«አንተን ከሞት ማውጣት አንድ ነገር ነው ልጄ። እሱን ሞት ውስጥ መክተት ሌላ ነው። ሦስት ልጅ አለው። ሁለት ከሚጠፋ አንዱ ይጎዳ አልኩ። ፈጣሪዬ ዋቅ ይፍረድብኝ።»

ተቆጣሁ፣ ቀጥሎም ገባኝ። ዛሬም ሁለቱም አሉብኝ።

ከተፈታሁ በኋላ ናዝሬት መኖር አስጠላኝና ዝዋይ ወረድኩ። ከገበያው አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የሰው ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ያዝኩ። ዓሣ አጥማጅ ሬዲዮውን ውኃ ውስጥ ጥሎ ያመጣልኛል፤ ጋሪ ነጂው ባትሪ የጨረሰ ቴፕ ያመጣልኛል። በዚያው ትዳር ያዝኩ፣ ወለድኩ። አስካለ ግን አልተወችኝም። ምንም አልሰማችም ነበር። በየዓመቱ ለዮናስ የልደት ዕለት ከናዝሬት ተሳፍራ ልጁን ይዛልኝ ትመጣለች። ለምን ጠፋህ ትለኛለች፣ አበራ ሥራ በዝቶበት ነው ያልመጣው ትለኛለች። ልጁ ጉልበቴ ላይ ተቀምጦ የሬዲዮ ቁልፍ ያዞራል። አፌ ላይ የመጣውን ስንት ጊዜ ዋጥኩት መሰላችሁ። ልጁ ምን በደለኝ?

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ ደግ ሰው አላደረገኝም። በሽተኛ አደረገኝ እንጂ። ሚስቴ ሹክ ስትለኝ እንኳ በሩን አያለሁ። ቀልድ ሲመጣብኝ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሲነበብ ምን ይመስላል ብዬ አስባለሁ፤ ያን ያህል ታስቦ የሚነገር ቀልድ ደግሞ አያስቅም። ሁለታችን ነን የሚለውን መልስ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጠሁም። አንድ መልካም ነገር ቢኖር፣ በሰው ቃል ብቻ አምኜ የተውኩት ሥራ የለም፤ ሳልሞክር የሰጠሁት ሬዲዮ ዝዋይ ከተማ ውስጥ አታገኙም።

ደርግ ወደቀ፣ ዓመታት ሄዱ፣ ዮናስ አዳማ ላይ ሊያገባ ነው ተባልኩ። የክርስትና አባት ቀርቶ ሠርግ አይሆንም አለ በስልክ። ሄድኩ። ሙሽራው ሊገባ ሲል አስካለ እጄን ይዛ ከፊት ረድፍ ወሰደችኝና ከአበራ ጎን አስቀመጠችኝ። ሸብቷል፣ ከስቷል። ደህና ዋልክ ተባባልን። ሌላ አልተነጋገርንም።

ሙዚቃ የሚያጫውተው ወጣት ድምፅ ማጉያውን ሲከፍተው እምምም የሚል ጩኸት አዳራሹን ሞላው። አንዱን ሽቦ ነቀለ፣ ሌላውን ሰካ፤ አልጠፋለትም። ሰው ጆሮውን ያዘ። ያን ጊዜ አበራ፣ እንደ ድሮው፣ ሳያስብ ወደኔ ጠጋ አለ።

«ማሳ አጥቶ ነው አበልጄ» አለ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው። ፊቱ ያን ሐሙስ ጠዋት መኪናው ውስጥ የነበረውን ፊት ሆነ። ለዚህ ቀን ስንት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«ማሳ ምንድን ነው?» አልኩት። «እኛ ግራውንድ ነው የምንለው።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ተነሳ። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለና ወደ ማጉያው ሄደ፤ ከወጣቱ እጅ ሽቦውን ተቀብሎ በርከክ አለ። በእጁ ሲዳስስ ቆየና አንድ ቦታ ከብረቱ ጋር አሰረው። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ሰው አጨበጨበለት። እሱ ግን ወደ ወንበሩ አልተመለሰም፤ ሠርጉ እስኪያልቅ እዚያው ማጉያው ጎን ቆሞ ቀረ።

ዮናስ ከሙሽሪት ጋር ሊስመኝ ሲመጣ ባዶውን ወንበርና ኮቱን አየ። «አባባ ለምን አይቀመጥም?» አለኝ።

«ሽቦው እንዳይለቅ ይዞ ነው» አልኩት፤ ጉልበቴን ስሞ አለፈ።